ወንድምሽ የሚዘገይበት ቦታ

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽ? ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ የትከሻ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም በግራ ጎንሽ መተኛት አቅቶሻል? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን ያዛውሩኛል ያለው ተሳካለት? የትልቋ ልጅሽ ሳል ተዋት? የትንሿስ የፊት ጥርሶች በቀሉ? እኔ ከጉልበቴና ከግራ ዓይኔ በስተቀር ደህና ነኝ። እበላለሁ፤ እንቅልፍም ባይበዛልኝ አይጠፋም። ስለ እኔ አታስቢ ብዬ አልጽፍልሽም፤ እንዲያ ተብሎ የተጻፈለት ሰው ማሰቡን ሲተው አይቼ አላውቅም።

ሊፍቱ ዛሬም አልተሠራም። ውኃ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል። ፒያኖው ላይ ሁለት የነበሩት ዲዳ ቁልፎች ሦስት ሆነዋል። ይህን ሁሉ በስልክ ነግሬሻለሁ። ሦስት ጊዜ ደውለሽ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሊፍትና ስለ ውኃ ያወራሁሽ ሌላ ወሬ አጥቼ አልነበረም። የምነግርሽን ነገር አፌ ላይ አድርሼ መልሼ ስለምውጠው ነው። "እማዬ፣ የወንድሜን ሙዚቃ መቼ ነው የምትልኪልኝ?" ስትዪኝ "ይህ ደረጃ ጉልበቴን ጨረሰው" ብዬ የመለስኩልሽም ለዚሁ ነው። በአፌ ያልቻልኩትን በእጄ እችለው እንደሆነ ብዬ ዛሬ ተቀመጥኩ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ፤ አንቺም መካከል ላይ አጥፈሽ ሳታስቀምጪ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ወንድምሽ ከተለየን ስምንት ወር ሆነ። በታመመባቸው ሦስት ዓመታት የኖረው ድሮ የሁለታችሁ በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን፣ ከፊቱ ያንን ቀላል የፕላስቲክ የሙዚቃ ኪቦርዱን አድርጎ ቀኑን ሙሉ ይሠራ ነበር። የሠራውን ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሁልጊዜ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ነበር የሚጫወተው። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ የምሰማው ጣቶቹ ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፉ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለውን ብቻ ነው። ሰው ድንች ሲልጥ እንደመስማት ነበር። አንድ ቀን ሻይ ይዤለት ገብቼ "እኔም ልስማው እንጂ" ብለው "ገና አላለቀም፣ እማዬ፤ ሲያልቅ ትሰሚዋለሽ" አለኝ። ለምን እንዳለ እሱም እኔም እናውቃለን። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ሳይጨርስ ያሰማኝን ሁሉ አርሜበታለሁ።

ሰባት ሥራ ትቶ ሄደ። አንዱንም ወደ ድምፅ ለውጦ አላወጣውም፤ ሁሉም በሚሠራበት ፕሮግራም ውስጥ እንዳሉ ቀሩ። አንቺ ደግሞ በባለቤትሽ ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ፣ ኪቦርድ አጠገቡ አድርገሽ፣ እንደ ልጅነታችሁ አብረሽው መጫወት ፈለግሽ። ይህን ስትነግሪኝ ድምፅሽ እንዴት እንደነበረ አልረሳሁም። ስለዚህ ጠይቄ ጠያይቄ ከወንድምሽ ጋር በስቱዲዮ ይሠራ የነበረውን የድምፅ ባለሙያ አስጠራሁ። ስለ እሱ በስልክ አውርቼልሻለሁ፤ ያ ወፍራሙ፣ "ጆሮ" የሚሉት፣ ልቅሶ ሊደርስ መጥቶ የመመገቢያ ቤቱን ወንበር የሰበረው።

ጆሮ ሦስት ፎቅ ወጥቶ ትንፋሹ እስኪመለስ የወንድምሽ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ማዘር፣ ይሄ ደረጃ ሰው ይገድላል" አለኝ። "ማዘር አትበለኝ፤ እናት የሚል ቃል አለን" አልኩት። "እሺ ማዘር" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላረምኩትም። ለቀልደኛ ሰው ምክር በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው።

ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጥቂት ካየ በኋላ ነገሩን አስረዳኝ። በዚያ ፕሮግራም የተሠራ በሌላ ፕሮግራም አይከፈትም። የፕሮግራሙ ፈቃድም ወሩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ እኛም ራሳችን ልንከፍተው አንችልም። "ስለዚህ ሰባቱንም በሚዲ ኤክስፖርት እናደርጋቸዋለን፤ ሚዲ የትም ይከፈታል" አለኝ። እኔ ኤክስፖርት ሲባል የማውቀው ቆዳና የቅባት እህል እንደሆነ ብነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሚዲ ራሱ ድምፅ እንዳልሆነ ነገረኝ። ውስጡ የተጻፈው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ መቼ እንደተነካ፣ እስከ መቼ ተይዞ እንደቆየና ምን ያህል በኃይል እንደተመታ ብቻ ነው። ድምፁን የሚሰጠው የሚከፍተው ሰው ነው። "ታዲያ ኖታ ነው አትለኝም?" አልኩት። "ኖታ ነው፣ ማዘር። ግን የሰውየውን እጅ ጭምር የሚጽፍ ኖታ ነው" አለኝ። ይህን ሲናገር ሰምቼዋለሁ። አልገባኝም ነበር አልልሽም። ሰምቼ አለፍኩት፤ ይህም ከአለመስማት ይከፋል።

መጀመሪያ የከፈተው "ደረጃ" የሚለውን ነው። ስሙን ሳነብ ደነገጥኩ። ለሁለታችሁ በአራት እጅ እንድትጫወቱት የጻፍኩላችሁ፣ እየወጣ የሚወርደው መልመጃ ነበር። ስድስት ዓመትሽ፣ እሱ ዐሥር። አንቺ የላይኛውን፣ እሱ የታችኛውን። ያንን የልጆች መልመጃ ወስዶ ሌላ ነገር አድርጎታል፤ ታችኛው ክፍል ረዝሟል፣ ጨልሟል፣ እኔ ያልጻፍኳቸው መንገዶች ገብተውበታል። ጆሮ ድምፅ ማጉያውን ሰክቶ አሰማኝ። ልጄ በሦስት ዓመት ውስጥ ያላሰማኝን ያን ቀን ሰማሁት። ከዚያ ወዲህም አልሰማሁትም፤ ወደፊትም አልሰማውም። እናቱ እንዴት እንደሰማችው ልንገርሽ? አፏን ከፍታ፣ እግሯን እየመታች፣ ስንት ጊዜ እንደዘገየ እየቆጠረች ነው የሰማችው። ሠላሳ አንድ ላይ ስደርስ አለቀ።

"ዘግይቷል" አልኩት። ጆሮ ሳቅ ብሎ "እሱማ ሁሌም ይዘገያል" አለና በዓይኔ አሳየኝ። ኮምፒውተሩ ፊት ላይ ቀጫጭን መስመሮች ቆመዋል፤ እያንዳንዱ መስመር ምት ነው። ኖታዎቹ እንደ ትናንሽ ጡብ ተደርድረዋል። ጡቡ መስመሩ ላይ ከጀመረ በሰዓቱ ደርሷል፤ ከመስመሩ ወደ ቀኝ ከሸሸ ዘግይቷል። የወንድምሽ ጡቦች ሁሉ ሸሽተዋል፤ አንዱ በጥፍር፣ ሌላው በጣት። አርባ ዓመት ሙሉ ስጮኽበት የኖርኩት ነገር ያውልሽ በቀለም ተቀምጧል። ልጄ፣ እውነቱን ልጻፍልሽ፤ ደስ አለኝ። ከሞተ ልጄ ጋር ተከራክሬ የረታሁ ያህል ደስ አለኝ።

ጆሮ ፊቴን አይቶ ይመስለኛል "ይኸውልዎ፣ ይቺን ከተጫኗት እንደ ወታደር ቀጥ ይላሉ" ብሎ ሁሉንም ከመረጠ በኋላ አንድ ነገር ነካ። ጡቦቹ በአንድ ጊዜ ተንቀሳቅሰው ከየመስመራቸው ጋር ተጣበቁ። ከዚያ "ቀልዴን ነው" ብሎ ወዲያው ወደ ነበሩበት መለሳቸው። እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ ደብተሬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። የሠራውንና ያስረዳኝን ሁሉ በተራ ቁጥር እየጻፍኩ ነበር፤ እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት ሁሉም እንደሚመረጥ፣ የቱ ተጭኖ እንደሚሰለፉ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት በሚዲ እንደሚወጣ። እንዴት ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ግን አልጻፍኩም። የታረመ ነገር ወደ ስህተቱ ይመለሳል ብሎ ማን ያስባል?

በዚህ መካከል ከስቱዲዮ ተደወለለትና ተነሣ። "ነገ ከሰዓት እመጣለሁ። መጀመሪያ ሁሉንም ሌላ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ፣ ከዚያ እናወጣቸዋለን። እስከዚያ አይንኩት፣ ማዘር" አለኝ። አይንኩት ማለቱን አልክድም።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ነካሁት። የአልጋ ልብስ አነጠፍኩ፣ ሳህን አጠብኩ፣ ጠረጴዛውን ወለወልኩ፣ ከዚያ ደብተሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተርን ከአቧራው በቀር የማላውቅ ሴት፣ እንደተጻፈልኝ እየተከተልኩ ሰባቱንም አንድ በአንድ ከፍቼ፣ አሰልፌ፣ አስቀምጬ፣ በሚዲ አወጣኋቸው። ኮምፒውተሩ በቀድሞው ላይ ላስቀምጠው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ሰባት ጊዜ ይሁን አልኩት። ደብተሬ እንዲያ ይላልና። ያልተተኮሰ ልብስ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፤ ያንቺን ሻንጣ እንኳ ስትሄጂ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ነው ያሰርኩት። የወንድምሽንም ሥራ ለሰው ጆሮ ሳይደርስ ጉድፉን ላንሣለት፣ እናት የምትችለው ይህችኑ ነው ብዬ ነበር። ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ጠዋት ቀለል ብሎኝ አያውቅም። እየሠራሁ ዘፈንኩ ብልሽ ታምኛለሽ?

እኔን ስላስተማረችኝ መምህርት ነግሬሻለሁ፤ በእኛ በተማሪዎቿ የእጅ አንጓ ጀርባ ላይ የክብሪት ቀፎ አስቀምጣ ስለምታጫውተን፣ ቀፎው ከወደቀ ከመጀመሪያው ስለምታስጀምረን። አንድ ቀን አንድ ገጽ አሥራ አራት ጊዜ አስጀምራኛለች። እኔ ስጨርስ አላመሰገነችኝም፤ ቀፎውን አንሥታ ኪሷ ከተተች። ያችን ኪስ እንደ ሽልማት ቆጥሬ ነው ያደግሁት። ይህን የምጽፍልሽ ለማመካኘት አይደለም። ከየት እንዳመጣሁት እንድታውቂው ነው።

ጆሮ ከሰዓት መጣ። "ጨርሼልሃለሁ" አልኩት። በኩራት ነው ያልኩት። ትንፋሹን ሳይሰበስብ ኮምፒውተሩ ፊት ቆሞ "ደረጃ"ን ከፈተ። ጥቂት ምት ሰማ። አቆመውና ሁለተኛውን ከፈተ፤ ሦስተኛውን ከፈተ። ኋላ ወደ እኔ ዞሮ "ማዘር፣ ልጁ የት ሄደ?" አለኝ።

ከዚያ ያልፈለገበት የለም። ፕሮግራሙ በራሱ የሚያስቀምጠው ቅጂ ይኖር ይሆናል ብሎ ፈለገ፤ ወንድምሽ ዲስኩ ስለሞላበት አጥፍቶት ነበር። የድሮ ፍላሾቹን ሁሉ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰካ። ስቱዲዮ ደውሎ እዚያ የተረፈ ነገር እንዳለ ጠየቀ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ላቡን እየጠረገ ፈለገ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ እጄን በሽርጤ አብሼ አልጨርስ አልኩ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ሲያበቃ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ለነገሩ መዘግየቱን ለማረም ሁላችንም አንድ ጊዜ ሞክረናል" አለኝ። ድሮ አንድ ዘፋኝ ስቱዲዮ ውስጥ "ይሄ ልጅ ለምንድን ነው ሁሌ የሚዘገየው? ባቡር አመለጠው እንዴ?" ብሎ ሲቆጣ ወንድምሽ ሳይደነግጥ "እህቴ እስክትደርስ ነው" አለ አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስቱዲዮው ሰው ሲዘገይ፣ ሻይ ሲዘገይ፣ መብራት ጠፍቶ ሲዘገይ "እህቱ እስክትደርስ ነው" እየተባለ ይቀለድ ነበር። "ምን ማለቱ እንደሆነ እኛ አናውቅም። እርስዎ ያውቃሉ?" አለኝ ጆሮ።

አላውቅም አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን አወቅሁ። ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጥኩ ያ አግዳሚ ወንበር ፊቴ መጣ። ትዝ ይልሻል? በመልመጃው አራተኛ ምት ላይ ቀኝ እጅሽ ሩቅ መድረስ ነበረበት፤ ክንድሽ አጭር ነበር፤ ከወንበሩ ተነሥተሽ፣ ተንጠራርተሽ ነበር የምትደርሺው። ሁልጊዜ ትዘገዪ ነበር። እሱ ደግሞ ታች ያለውን ድምፅ አንቺ እስክትነኪ ሳይነካ ይቆይልሻል፤ አብራችሁ ትዘገያላችሁ። እኔ ከጀርባችሁ ቆሜ የምሰማው የታችኛውን ነበር፤ ምቱን የሚይዘው እሱ ስለሆነ የምመታውም እሱን ነበር። አንድ ቀን "ለምን አትቆጥርም?" ብዬ ስጮኽበት "እየቆጠርኩ ነው" አለኝ። ምን እየቆጠረ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አንቺ አደግሽ፣ ክንድሽ ረዘመ፣ አገር ለቀሽ ሄድሽ። እጁ ግን መጠበቁን አልተወም።

አሁን ደግሞ በጆሮሽ ብቻ ልታገኚው የማትችዪውን ነገር ልጻፍልሽ። "ደረጃ" ውስጥ ሁለት ትራክ፣ ማለትም ሁለት የድምፅ ረድፍ አለ። የታችኛው እሱ የተጫወተው ነው። የላይኛው ባዶ ነው፤ አንድ ኖታ የለበትም። ስሙ በሚጻፍበት ቦታ "እሷ" ብሎ ጽፎበታል። ባዶ ትራክ በሚዲ ሲወጣ አብሮ እንደማይወጣ ጆሮ ነገረኝ፤ ፍላሹ ውስጥ ስትፈልጊው አታገኚውም። ስለዚህ እኔ በእጄ ጻፍኩልሽ። "ገና አላለቀም" ሲለኝ ከእኔ ሊሸሽ መስሎኝ ነበር። አንቺን ሲጠብቅ ኖሯል።

ጆሮ በሳልስቱ ተመልሶ መጣ፤ ሳልጠራው መጣ። አንድ ያልተነካ ነገር አለ ብሎ ነው የመጣው። ማሰለፍ የሚለውጠው ጊዜውን ብቻ ነው፤ በምን ኃይል እንደተመታ አይነካም። ከእያንዳንዱ ጡብ ሥር ቁጥር አለ፤ ከአንድ እስከ መቶ ሃያ ሰባት። ትንሽ ቁጥር ለስላሳ፣ ትልቅ ቁጥር ብርቱ። "ይሄ ከነሕይወቱ የሱ ነው፣ ማዘር፤ ይሄን ይላኩላት" አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ። ተቀምጬ የ"ደረጃ"ን ቁጥሮች አነበብኳቸው። ሰባ ሁለት፣ ሰባ አምስት፣ ሰባ፣ ከዚያ ሠላሳ ዘጠኝ። ሰባ አራት፣ ሰባ አንድ፣ ከዚያ አርባ አንድ። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ጆሮ "እዚህ ጋ ሆን ብሎ ያለሰልሳል፤ አገጣጠሙን አየሽው… አዩት?" አለኝ። እኔ ግን የመልመጃውን ጣት አደራደር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የትኛው ኖታ በየትኛው ጣት እንደሚነካ በቃሌ አውቃለሁ። ዝቅ ያሉት ሁሉ የግራ እጁ አራተኛ ጣት ናቸው።

ያንን ጣት አንቺም ታውቂዋለሽ። ከበሩ ሥር ቆመሽ አይተሻል። የመታሁበት ማስመሪያ በጠፍጣፋው ሳይሆን በጠርዙ አረፈበት። ሁለት ሳምንት አበጠ፤ ከዚያ ዳነ ብዬ ለአባታችሁ ነገርኩት። ወንድምሽም ዳነ አለ። እስከሞተበት ቀን ድረስ ስለዚያ ጣት አንድ ቃል ሳይናገር ኖሮ በቁጥር ጽፎት ሄደ።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው፣ ልጄ። በወንድምሽ እጅ ውስጥ ሁለት ነገር ነበረ፤ አንዱን ከአንቺ፣ አንዱን ከእኔ ወስዶታል። ያንቺን አጠፋሁት። የእኔ ቀረ።

መልሼ ላስተካክለው ሞክሬያለሁ። አልሞከርሽም እንዳትዪኝ። ጆሮ ኪቦርዱን ሰክቶልኝ የታችኛውን እኔ ልጫወተውና ቢያንስ መዘግየቱን ልመልስለት ብዬ ተቀመጥኩ። ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። መስመሮቹን በወረቀት ሸፍኜ ሞከርኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። እጄ በሰዓቱ ይደርሳል። ሆን ብዬ ስዘገይ ደግሞ ሁሉም ጡብ እኩል ይዘገያል፤ በማስመሪያ የተለካ ይመስላል። ጆሮ አይቶ "ማዘር፣ እርስዎ ሲዘገዩም በሰዓቱ ነው" አለኝ። ከነገሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ የእኔ ሳቅ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝና እሱ ጃኬቱን ይዞ ወጥ ቤት ገባ፤ ውኃ ፍለጋ መሰለ። ውኃ የማይመጣበት ቀን ነበር።

ፍላሹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። የምታመጣልሽ ከበታቻችን ባለው ፎቅ የምትኖረው ነርስ ናት፤ ወደ እናንተ ከተማ ለሥልጠና ስለምትመጣ እጅ በእጅ ትሰጥሻለች። ሰባቱም ሥራዎች አሉበት። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ አንድ ስህተት የለባቸውም። ስትከፍቺያቸው ወንድሜን አጣሁት ብለሽ በእሱ እንዳትፈርጂ። ያጠፋችው እናትሽ ናት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ለልጆቼ ተናግሬው አላውቅም፤ እንዴት እንደሚባል አውቃለሁ፣ በስንት ፊደል እንደሚጻፍም አውቃለሁ። ይኸው ጻፍኩት፦ ይቅርታ አድርጊልኝ። እሱን ስለማልጠይቀው የሱንም ድርሻ ካንቺ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። "ደረጃ"ን ከፍተሽ አብረሽው ለመጫወት ስትቀመጪ እሱ አይጠብቅሽም፤ በሰዓቱ ጥሎሽ ይሄዳል። ያኔ አቁሚው። ጡቦቹን አንድ በአንድ ወደ ቀኝ መግፋት ይቻላል፤ ጆሮ እንዴት እንደሆነ በወረቀት ጽፎልሻል፣ ከፍላሹ ጋር አለ። የትኛው ጡብ የት እንደሚዘገይ ከእኔ አትጠይቂ። እኔ የማውቀው የት መድረስ እንደነበረበት ብቻ ነው። የት እንደጠበቀሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ክንድሽ ያውቀዋል። ጆሮ ግን እንደ ድሮው አይመለስም ይላል፤ እኔም አይመለስም ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ተመልሶ እንደሆነ ሳትዋሺኝ ንገሪኝ። ለጊዜው ልትደውዪልኝ ባትፈልጊም ይገባኛል። ስትደውዪ ስለ ሊፍት አላወራሽም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ኮምፒውተሩን ስለሰጠሽም አመስግኚልኝ። ለትልቋ ልጅሽ የላክሁት የሱፍ ሻርፕ አለ፤ አንገቷን ሳትሸፍን እንዳትወጣ። ነርሷን ደህና አድርገሽ ተቀበያት፤ ዓይነ አፋር ናት፣ ራቧን አትናገርም። አማትሽንም እጅ ንሺልኝ።

ትንሿ ልጅሽ ፒያኖ ጀምራለችና ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖሜን እንድልክላት ጠይቀሽኝ ነበር። ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ፣ ስሟን ጽፌበት ነበር። ትናንት ፈትቼ ቁም ሣጥን ላይ መለስኩት። በምትኩ አጠገቧ ተቀመጪ። ስትዘገይ ጠብቂያት።

እናትሽ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከሁለታችሁ ክፍል
ጥቅምት ፳፪ ቀን